የአያትን የመቃብር ሐውልት ለማሳደስ ማንን ነው የምናስፈቅደው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። አያትሽ የተቀበሩት አዲስ አበባ አንድ የቆየ ደብር ግቢ ውስጥ ነው። ሐውልቱ ተሰንጥቆ ዘሟል፣ አንቺ ደግሞ ያለሽው ውጭ አገር ነው። «ማንን ላስፈቅድ?» ነው ያልሽው። እኛም የአያታችንን አሳድሰናልና ያየሁትን ልንገርሽ።

መነሻው ሰበካ ጉባኤው ነው። ሐውልቱን ያቆመው ቤተሰብሽ ቢሆንም ግቢው የደብሩ ነው። ማመልከቻው ለደብሩ ጽሕፈት ቤት ይገባል፣ አስተዳዳሪው ይመሩበታል፣ ጉባኤው ይወያይበታል። አንዳንዱ ደብር እዚያው ይጨርሰዋል፣ አንዳንዱ ወደ ሀገረ ስብከት ይመራሻል።

እውነቱን ለመናገር ጉባኤውን የሚያሳስበው ሐውልቱ ሳይሆን ቦታው ነው። የመቃብር ቦታ ጠቧል። «እናድሳለን» ብሎ ገብቶ ዙሪያውን አስፍቶ የሚያጥር ሞልቷል። እኛንም ጸሐፊው መዝገቡን ገልጠው መጀመሪያ የጠየቁን «በላዩ ሌላ ሰው ልትቀብሩ ነው እንዴ?» ብለው ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ ቁርጥ አድርገሽ ጻፊ፦ አፅም አይነካም፣ ቁፋሮ የለም፣ ርዝመቱና ስፋቱ ይህን ያህል ነው፣ ከዚህ አያልፍም። ሐውልቱ ላይ ሜትር ተዘርግቶ ከአራቱም ጎን ፎቶ ይነሳና አያይዢው። የእኛን ጉዳይ ያቀለለው ከደብዳቤው ይልቅ ፎቶው ነው።

ከዚያ ዘመድ አለ። ሥራው ሲጀመር «እኔ ሳልጠየቅ?» የሚል የአጎት ልጅ አይጠፋም። ቀድመሽ አስፈርሚያቸው። እዚያ ሆነሽ የምትወክይው ሰው ካለ ውክልናውን ኤምባሲ አድርጊው፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ፣ ቀጥሎም ሰነዶች ማረጋገጫ ይሄዳል።

አያትሽ ስመ ጥር አርበኛ ከነበሩ ወይም ደብሩ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ግን የደብሩ ፈቃድ ብቻውን ላይበቃ ይችላል። በአዋጅ 209/1992 መሠረት ቅርስን ለመጠገን የቅርስ ባለሥልጣን አስቀድሞ መፍቀድ አለበት። መመዝገቡን ከከተማው የባህል ቢሮ ጠይቂ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ አርበኞችና ለኢትዮጵያ ነፃነት የተሟገተችው እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክረስት ባረፉበት በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዓይነት ግቢ ከሆነማ ሳታስፈቅጂ ብሩሽም አታስነኪ። የመቃብር ሐውልት ማበላሸት በ1996ቱ የወንጀል ሕግም ያስጠይቃል።

አሁን ወደ ግንበኛው እንምጣ፤ ዋናው ጣጣ ያለው እዚህ ነው። አብዛኛው ግንበኛ አሮጌውን አፍርሶ በሚያብረቀርቅ ግራናይት መተካት ይቀለዋል። «አሮጌው ድንጋይ ይቆያል» የሚለው ማመልከቻውም ውሉም ላይ ይስፈር። ስንጥቁ በኖራ ይሞላ። ሲሚንቶ ብዙ ጊዜ ከአሮጌ ድንጋይ ይጠነክራል፣ እርጥበቱን ያፍነዋል፤ ውሎ አድሮ የሚፈረፈረው ድንጋዩ ነው። ኖራ ቶሎ ስለማይደርቅ ክረምቱን አሳልፉት። በረኪና፣ አሲድና የሽቦ ብሩሽ አይግቡ። እብነ በረድ ከሆነ ሎሚ እንኳን ይበላዋል። ውኃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል፣ የድንጋዩን ሽበት በትዕግሥት ያነሳዋል።

ጽሑፉ ካልተነበበ ደግሞ እንደ አዲስ ለማስቀረጽ አትቸኩዪ። አመሻሽ ላይ ባትሪ ከጎን አስጠግታችሁ አብሩበት። የእኛው ላይ በቀን ባዶ የሚመስለው ቦታ «፲፱፻» ብሎ ወጣ፤ ግንበኛው ያንን ሊሞርደው ነበር።

የአገልግሎት ክፍያ ከተባልሽ ደረሰኝ ሳይቆረጥ አትክፈዪ። ፈቃዱ ሲወጣም ማኅተም ያለበት ቅጂ በግንበኛው እጅ ይሁን። ጠዋት ጠዋት የግቢው ጥበቃ ሲያስቆመው የሚያሳየው እሱን ነው።