«ቅጣቱ ትንሽ ነው» ብለሽ ይግባኙን አትተዪው

እህቴ፣ ወንድምሽ ቱሉ ዲምቱ ላይ ከጎረቤት ተጣልቶ በቀላል የአካል ጉዳት ተከሶ ባለፈው ሳምንት 6 ወር ተፈርዶበታል። ዘመድ «ትንሽ ናት፣ ጨርሶ ይውጣ» እያለ ነው። አንቺ ደግሞ ይግባኝ ዋጋ አለው ወይ ብለሻል። አለው። የባለቤቴ ወንድም በተመሳሳይ ክስ ሲፈረድበት የተሯሯጥኩት እኔ ነበርኩ፣ ያየሁትን ልንገርሽ።

ቀኑ ይቅደም። የእኛ ጉዳይ የታየው በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። በዚያ ሕግ ፍርዱ በተነገረ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ እንደምትሉ ለፈረደው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ታሳውቃላችሁ። የፍርዱ ግልባጭ እጃችሁ ከገባ በኋላ ማመልከቻውን ለማስገባት 30 ቀን አለ። ስለዚህ ነገ ጠዋት መዝገብ ቤት ሂጂ። ወንድምሽ እስር ላይ ከሆነ በማረሚያ ቤቱ በኩልም ማቅረብ ይችላል።

የፍርዱን ማኅተምም እዪው። እኛ የአዲስ አበባ ዳር ነዋሪዎች ነን፣ ትንሽ ራመድ ካልሽ ኦሮሚያ ነው። የፈረደው የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከሆነ ይግባኙ ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። የኦሮሚያ ወረዳ ፍርድ ቤት ከሆነ ግን ወደ ክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት። በር ተሳስቶ ቀን ማቃጠል ያሳዝናል።

አሁን ዋናው ነገር። ሰው ይግባኝ ሲል ጠቡን ከሀ ጀምሮ እንደገና መተረክ ይፈልጋል። ይግባኝ ሰሚው ግን በዋናነት የሚያየው መዝገቡን ነው። አዲስ ማስረጃ የሚሰማው አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ብቻ ነው። ስለዚህ የፍርዱን ብቻ ሳይሆን የምስክሮቹን ቃልም ግልባጭ ጠይቂ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ መስመር በመስመር አንብቢ። በእኛ መዝገብ ፍርዱ «2ኛ ምስክር ተከሳሹ ሲመታ አይቷል» ይላል። የምስክሩ ቃል ላይ ግን «ሱቅ ውስጥ ነበርኩ፣ ጩኸት ሰምቼ ስወጣ ወድቆ አገኘሁት» ተብሎ ተጽፏል። ይግባኛችን የቆመው እዚህ ላይ ነው። ደጃፍ ላይ ያለው ማመልከቻ ጸሐፊ «ደንበኛዬ ምስኪን ነው» የሚል ረጅም ሐተታ ሊጽፍልን ነበር፣ እንቢ አልን። አጭር ሆነ፣ ገጹን ጠቀስን። ችሎቱ «ያስቀርባል» አለ፣ ማለትም ይግባኙ ሌላውን ወገን ጠርቶ ለመስማት በቂ ነው አለ፤ ዐቃቤ ሕግ ተጠርቶ መልስ ሰጠ፣ በመጨረሻም የባለቤቴ ወንድም በነፃ ተሰናበተ።

አንድ ነገር ግን አረጋግጪ፦ ወንድምሽ ችሎት ፊት ድርጊቱን አምኖ ነበር? አምኖ ከተፈረደበት ጥፋተኝነቱን በይግባኝ መቃወም አይችልም፣ ክርክሩ ቅጣቱ ላይ ብቻ ይሆናል። እሱም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። ያልተያዘ የቅጣት ማቅለያ ካለ፣ ገደብ (ቅጣቱ ሳይፈጸም በሁኔታ እንዲቆይ ማድረግ) ተጠይቆ ከታለፈ ጻፉት።

ይግባኝ ማለት ብቻውን ከእስር አያስወጣም። ዋስትና ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለብቻው ይጠየቃል፤ አብራችሁ አስገቡት፣ ይግባኙ ሳይወሰን 6 ወሩ ሊያልቅ ይችላል። ለጠበቃ ገንዘብ ከሌላችሁ መንግሥት የሚመድበውን ተከላካይ ጠበቃ ወይም የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ጠይቁ።

«ትንሽ ናት» የሚሉሽን አትስሚ። ወጣት ነው ብለሻል፣ ነገ ሥራ ሲፈልግ ከወንጀል ነፃ የሚል ወረቀት ይጠየቃል። ይግባኝ ደግሞ ልመና አይደለም፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተጻፈ መብቱ ነው።

ግልባጩ ሲደርስሽ ስሞቹን ሸፍነሽ የምስክሮቹን ቃል እዚህ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።