መልስ፦ ኪሎግራም ከተቀየረ የሱቃችን ሚዛን ይቀየር ወይ?

አይቀየርም። እናትህ ቅዳሜ ገበያ በርበሬ የምትመዝንበት አንድ ኪሎ ያው አንድ ኪሎ ነው። የተቀየረው ትርጓሜው እንጂ መጠኑ አይደለም።

እስከ ግንቦት 12 ቀን 2011 ዓ.ም. ድረስ ኪሎግራም ማለት ፓሪስ አጠገብ፣ ሴቭር ውስጥ የተቀመጠ የፕላቲነምና ኢሪዲየም ሲሊንደር ነበር። በመቶ ዓመት ውስጥ ግን ሲሊንደሩና ቅጂዎቹ በ50 ማይክሮግራም ገደማ ተለያዩ። ማን ከሳ? ማን ወፈረ? መለያ የለም፤ ሲሊንደሩ በሕግ ሁሌም 1 ኪሎ ነዋ!

አሁን ኪሎግራም የሚተረጎመው በሲሊንደሩ ሳይሆን በፕላንክ ቋሚ ነው፤ ይህ የማይለወጥ የተፈጥሮ ቁጥር 6.62607015 × 10⁻³⁴ ጁል ሴኮንድ ተብሎ ቁርጥ ተደርጓል። «በቁጥር እንዴት ይመዘናል?» ላልከው፣ ኪብል ሚዛን የሚባል መሣሪያ አለ። ዕቃው ወደ ታች ሲጎትት፣ ማግኔት ውስጥ ያለ የሽቦ ጥቅል ኤሌክትሪክ እያለፈበት ክብደቱን ይመክታል። ኤሌክትሪኩ የሚለካው ከፕላንክ ቋሚ ጋር በተሳሰረ መንገድ ስለሆነ መጠነ ቁሱ፣ ማለትም ስንት ኪሎ እንደሆነ፣ ከዚያ ይሰላል።

ይልቅ ከውጭ የመጣ ዲጂታል ሚዛን ካላችሁ እሱን እይ። ሰው ከካርቶን አውጥቶ ቀጥታ ሲመዝንበት ስንቴ አይቻለሁ! ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ለምድር ወገብም ትቀርባለች፤ ስበቱ ከአውሮፓ ያንሳል። ፓሪስ ላይ የተስተካከለ ሚዛን እዚህ በኪሎ 3 ግራም ገደማ አሳንሶ ያሳያል። ለበርበሬ ምንም አይደል፣ ለወርቅ ግን ያጣላል። ክብደቱ የተረጋገጠ መመዘኛ ጫንበትና እዚሁ አስተካክለው።

ባለ ሁለት ሳህኑ ሚዛን ከሆነ ተወው፤ ስበቱ ሁለቱንም ጎን እኩል ነው የሚስበው።