«እንደ ልጄ ናት» የምትባለው ልጅ

ጥያቄ፦ የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ጎረቤቴ ከገጠር ያመጧት የ12 ዓመት ልጅ፣ የውኃ ፈረቃ በደረሰ ቁጥር 20 ሊትር ጄሪካን ተሸክማ አራተኛ ፎቅ ትመላለሳለች፤ ትምህርት ቤትም አልገባችም። ጎረቤቴን ብጠይቃቸው «የእህቴ ልጅ ናት፣ እንደ ልጄ ነው የማያት፤ እኛስ እየሠራን አይደል ያደግነው? የሕፃናት መብት የፈረንጅ ነገር ነው» አሉኝ። እውነት እኛን አይመለከትም?

መልስ፦ ይመለከታል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ያጸደቀውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት 196 አገሮች ሲቀበሉት፣ ኢትዮጵያ በ1991 የገባችበት ስትሆን አሜሪካ ግን ፈርማ ሳታጸድቀው እስከ ዛሬ ቆይታለች፤ የፈረንጅ ነው ለሚሉት ይህን ይንገሯቸው። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተርማ በ1990 የጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ ነው።

ጎረቤትዎ በአንድ ነገር አልተሳሳቱም። ልጅ በቤት ሥራ ማገዙን ቻርተሩ አይቃወምም፤ እንዲያውም አንቀጽ 31 ወላጆቹንና ታላላቆቹን የማክበር፣ ሲያስፈልግም የመርዳት ኃላፊነት ይሰጠዋል። ሲኒ ማጠብና ሱቅ መላላክ ነውር የለበትም። ሆኖም አንቀጽ 15 ልጅን ከጉልበት ብዝበዛ የሚጠብቀው መደበኛ ባልሆነው የሥራ መስክ ጭምር መሆኑን በግልጽ ያስቀምጣል። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ቢከለክልም፣ የቤት ሠራተኞችን ጉዳይ ገና ለሚወጣ ደንብ ስለተወው፣ ብዙ ቤተሰብ «ዘመድ ናት» እያለ በዚያ ክፍተት ይጠለላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ግን ዘመድና ባዳ አይለይም፦ ማንኛውም ሕፃን ትምህርቱን፣ ጤናውንና ደኅንነቱን የሚጎዳ ሥራ እንዲሠራ አይገደድም፤ እንዲሠራም አይፈቀድም።

«እንደ ልጄ» የሚለው ቃል የሚፈተነው ጠዋት በር ላይ ነው። ጎረቤትዎ የወለዱት ተማሪ ካለ፣ ማን ቦርሳ፣ ማን ጄሪካን ይዞ እንደሚወጣ ይመልከቱ።

መጀመሪያ በቡና ሰዓት፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ ትምህርት ቤት ስለማስመዝገቧ በለዘብታ ያነጋግሯቸው፤ እምቢ ካሉ ወይም ድብደባ ካለ የወረዳው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም ፖሊስ ዘንድ መሄድ ጎረቤትን ማሳጣት አይደለም። ከሁሉ በፊት ግን፣ ስምምነቱ በአንቀጽ 12 ልጅ ስለ ራሷ ጉዳይ ሐሳቧን የመግለጽ መብት ሰጥቷታልና፣ አንድ ቀን ደረጃው ላይ ጄሪካኑን ተቀብለው እያገዟት መማር ትፈልግ እንደሆነ፣ ከእናቷም ጋር በስልክ ትገናኝ እንደሆነ ራሷን ይጠይቋት።