አጥቂ ለመሆን ለምትለፉ ልጆች፦ ስለ ማሪስ ቨርፓኮቭስኪስ ልንገራችሁ

ልጆች፣ ሰላም ናችሁ?

አብዛኛውን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ወጣት አጥቂዎችን በማሰልጠን ነው። አንድ ልጅ ጎል ማግባት ሲጀምር የሚጠይቀኝ ሁሌም ያው ነው። «ጋሼ፣ ትልቅ ክለብ የምገባው መቼ ነው?» ይለኛል። መጠየቁ አይከፋም። ግን ከዚያ በፊት የሚጠየቅ አለ። የት ብገባ እጫወታለሁ? ይህን ቀድሞ የጠየቀ ልጅ ረጅም ዓመት ይጫወታል።

ስለ ሜሲና ስለ ሮናልዶ አልነግራችሁም፤ እነሱን ከኔ በላይ ታውቋቸዋላችሁ። የምነግራችሁ ስለ ላትቪያዊው አጥቂ ስለ ማሪስ ቨርፓኮቭስኪስ ነው። ብዙዎቻችሁ ስሙን ሰምታችሁት አታውቁ ይሆናል። እኔ ግን ተሰጥኦ ላለው ተራ ልጅ ከሱ ሕይወት የበለጠ የሚጠቅም ብዙ አላውቅም። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በ1979 ሊየፓያ በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። ላትቪያ ባልቲክ ባሕር ዳር ያለች ትንሽ አገር ናት፤ በ2004 ሕዝቧ ወደ 2.3 ሚሊዮን ነበር፣ ሰዉም ከእግር ኳስ ይልቅ ልቡ ያለው የበረዶ ሆኪ ላይ ነው። በከተማው ክለብ ጀመረ። በ2001 ወደ ዋና ከተማዋ ሪጋ፣ ወደ ስኮንቶ ሄደ። ስኮንቶ በዚያ ዘመን የአገሩን ሻምፒዮና 14 ጊዜ በተከታታይ የወሰደ ክለብ ነው። የላትቪያ ሊግ ግን በአውሮፓ ብዙም የሚታይ አይደለም፤ እዚያ ጎል ብታገባ ማንም ዞር ብሎ አያይህም።

አገሪቱ የምትኮራበት አጥቂም ሌላ ነበር፤ በእንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን የሚጫወተው ማሪያንስ ፓሃርስ። ፓሃርስ ድንቅ ተጫዋች ነበር፣ ግን ጉዳት እየደጋገመ አስቀመጠው። ያ ቦታ ክፍት ሲሆን ቨርፓኮቭስኪስ ዝግጁ ሆኖ ተገኘ። እናንተ ዛሬ ተቀያሪ ወንበር ላይ የምትቀመጡ ልጆች፣ ይህችን ነገር ያዙልኝ። ተራው የሚመጣው ሳይነገር ነው፤ ሲመጣም ለመዘጋጀት ጊዜ አይሰጥም።

አሁን አጨዋወቱን ልንገራችሁ፣ እኔን የሚያስደስተኝ እሱ ነውና። ግዙፍ አልነበረም። በአሰልጣኝ አሌክሳንድርስ ስታርኮቭስ የሚመራው የላትቪያ ብሔራዊ ቡድን ወደ ኋላ ተሰብስቦ ይከላከላል፣ ኳስ ሲነጥቅ ወዲያው ወደ ፊት ይልካል። ስለዚህ አጥቂው በአንድ ጨዋታ የሚያገኘው ዕድል ሁለት ቢሆን ነው፤ አንዳንዴም አንድ። ቨርፓኮቭስኪስ ግን ኳስ መጣም ቀረም ከተከላካዮቹ ጀርባ ደጋግሞ ይሮጣል። አብዛኛው ሩጫ ባዶ ነው። ኳሱ ይቀራል፣ ወይ ኦፍሳይድ ይሆናል፣ ወይ ተከላካዩ ይቀድመዋል። ተመልሶ ይቆምና እንደገና ይሮጣል። ልጆች የሚሰለቹት እዚህ ላይ ነው፤ አምስት ጊዜ ሮጠው ኳስ ካልመጣላቸው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ጓደኞቻቸውን መውቀስ ይጀምራሉ። ስድስተኛው ላይ ኳሱ ሲመጣ ቆመዋል።

ጥቅምት 2003 ስዊድንን በሜዳዋ 1 ለ 0 አሸነፉ፤ ጎሏ የሱ ናት። በዚህ ለአውሮፓ ዋንጫ ማጣሪያ የመጨረሻ ዙር ደረሱ፤ የደረሳቸውም ቱርክ ነበረች። ቱርክ ማለት ከአንድ ዓመት በፊት በዓለም ዋንጫ ሦስተኛ የወጣች አገር ናት። ሪጋ ላይ ላትቪያ 1 ለ 0 አሸነፈች፤ አሁንም ያገባው እሱ ነው። ኢስታንቡል ላይ ቱርኮች 2 ለ 0 መሩ፣ ስታዲየሙ ነደደ፣ ሁሉም ነገር ያለቀ መሰለ። ወዲያው ዩሪስ ላይዛንስ በቅጣት ምት አንድ መለሰ። ከዚያ ደግሞ ቨርፓኮቭስኪስ ስንቴ በከንቱ የሮጠውን ያንኑ ሩጫ ሮጦ ሁለተኛውን አስቆጠረ። 2 ለ 2። ላትቪያ ለአውሮፓ ዋንጫ አለፈች፤ እስከ ዛሬ ድረስ ከሦስቱ የባልቲክ አገሮች እዚያ የደረሰች እሷ ብቻ ናት።

ሰኔ 2004 ፖርቱጋል ላይ የመጀመሪያው ጨዋታ ከቼክ ጋር ነበር። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል ፕሮሆረንኮቭስ በግራ በኩል ሰብሮ ገብቶ አሻማ፣ ቨርፓኮቭስኪስ ከቅርብ ርቀት አስገባ። ያቺን ጎል ፈልጋችሁ እዩዋት። ስታዩ ግን ኳሱን ተዉትና እሱን ብቻ ተከተሉ፤ ኳሱ ከመሻማቱ በፊት መሮጥ የጀመረበትን ቅጽበት ፈልጉ። እኔ ልጆቼን የማስተምረው እሷን ቅጽበት ነው። ጨዋታውን በመጨረሻ 2 ለ 1 ተሸነፉ። ከጀርመን ጋር 0 ለ 0 ወጡ፤ በዚያ ጨዋታ ቨርፓኮቭስኪስ ብቻውን ኳስ እየነዳ ተከላካዮቹን አልፎ የጀርመኑ ግብ ጠባቂ ኦሊቨር ካን ፊት ደርሶ ነበር፣ ምቱ ግን ደከመ። በሆላንድ 3 ለ 0 ተሸንፈው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ላትቪያ በዚያ ውድድር ያገባችው አንድ ጎል ብቻ ነው፤ እሱም የሱ ነው።

እንግዲህ ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ለእናንተ የሚጠቅመው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ከውድድሩ በፊት፣ በ2004 መጀመሪያ፣ የዩክሬኑ ክለብ ዳይናሞ ኪየቭ ገዝቶት ነበር። በዚያው ዓመት በቻምፒየንስ ሊግ ሪያል ማድሪድ ላይ ጎል አገባ። ከዚህ በላይ ምን አለ ትላላችሁ? ግን ትልቅ ክለብ በየዓመቱ አዲስ አጥቂ ያመጣል፤ ያንተ ቦታ ለዘላለም የተጻፈልህ አይደለም። ከ2007 ጀምሮ በውሰት፣ ማለትም ክለቡ ለጊዜው ለሌላ ክለብ እየሰጠው፣ መዞር መጣ። ወደ ስፔን ጌታፌ፣ ከዚያ ወደ ክሮኤሺያ ሃይዱክ ስፕሊት፣ እንደገና ወደ ስፔን ሴልታ ቪጎ። ቀጥሎ ቀርጤስ ደሴት ላይ ያለው ኤርጎቴሊስ፣ ከዚያም አዘርባጃን ባኩ። እስቲ አስቡት፤ በየአገሩ አዲስ ቋንቋ፣ አዲስ አሰልጣኝ፣ ማንነቱን እንደገና ማሳየት። ለአንዳንዶቻችሁ ይህ ውድቀት ይመስላችኋል። እኔ አይመስለኝም። ሰውየው መጫወት ወደሚችልበት ሄደ። በዚህ ሁሉ መሀል ብሔራዊ ቡድኑ ሲጠራው ይመጣል፣ ይሮጣል። ለአገሩ 104 ጨዋታ ተጫውቶ 29 ጎል አስቆጠረ፤ በላትቪያ ታሪክ ከዚያ በላይ ያገባ የለም። ትልቁ ክለብ ውስጥ ተቀያሪ ሆኖ ደመወዙን እየበላ ቢቀር ኖሮ ያ ቁጥር የሚሞላ አይመስለኝም።

በመጨረሻም ወደ ሊየፓያ ተመለሰ። በብረት ፋብሪካው ስም ይጠራ የነበረው የድሮ ክለብ በ2013 ፋብሪካው ሲከስር አብሮ ወደቀ፤ በ2014 በከተማዋ ስም አዲስ ክለብ ተቋቋመ። እሱም እዚያ ተጫወተ፣ ጫማውን ከሰቀለ በኋላም በክለቡ አመራር ውስጥ ገባ።

እና እናንተ፣ ነገ ወኪል ነኝ የሚል ሰው መጥቶ የክለብ ስም ሲጠራላችሁ ልባችሁ መዝለሉ አይቀርም፤ ይዝለል። ግን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። በኔ ቦታ አሁን ስንት ሰው አለ? የፈለገኝ አሰልጣኙ ነው ወይስ ቢሮው? አሰልጣኙ ከተባረረስ? በውሰት ከሆነ፣ ብጎዳ የሚያሳክመኝ ማን ነው? ደመወዜንስ የሚከፍለው የትኛው ክለብ ነው? አትፈሩ። መልስ የሌለው ወኪል ከሆነ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ቤት ሂዱ፣ ለቤተሰብ አሳዩ፣ ሕግ የሚያውቅ ሰው ያንብብላችሁ። የአንድ ቀን መዘግየት ብዙውን ጊዜ ዝውውር አያበላሽም። አሁኑኑ ፈርም ብሎ የሚያጣድፋችሁ ሰው ካለ ደግሞ ለኔም ለሌላ ለምታምኑት አሰልጣኝም ደውሉ፤ በእኩለ ሌሊትም ቢሆን እናነሳለን።