ሁለት ልብ የሆኑት አባት

ልጆቼ፣

ሰሞኑን ሥራ የጀመረች ወጣት አማካሪ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦ «መጠጥ ላቆም ነው ብሎ የመጣ ሰው ዓይኑ ጠርሙስ ላይ ከቀረ፣ እየዋሸኝ ነው?» ወዲያው መመለስ አቃተኝ። ሌሊቱንም እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ አባት እኔ ዘንድ ይመጡ ነበር። እጃቸው እንዳይንቀጠቀጥ ጉልበታቸው መሃል ይይዙታል። ከኋላዬ ግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። የዚያ ወር ሥዕል ብርጭቆ ያነሱ ሰዎች ነበሩ፤ እኔ ልብ አላልኩትም። «ልጄ ሽታዬን ጠልታ አትስመኝም፤ በቃኝ» ይሉኛል። ዓይናቸው ግን ከትከሻዬ በላይ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል። ዞር ብዬ አየሁት። «ጋሼ፣ ልብዎ እዚያ ነው እኮ። ገና አልቆረጡም» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው «እውነትህን ነው» አሉኝ። ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ። ከዚያ በኋላ አልመጡም።

ስለ እጃቸው እንኳ አልጠየቅኳቸውም። ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንዴ ሲያቆም ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል፤ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። ሐኪም ዘንድ መላክ ነበረብኝ። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቆይቶ ነው የገባኝ። ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት አንድ ፈተና አለ፤ ስክሪን ላይ የመጠጥና የሌላ ዕቃ ሥዕል ጎን ለጎን ለግማሽ ሰከንድ ያህል ይታያል። ሥዕሎቹ ጠፍተው በአንዱ ቦታ ነጥብ ስትወጣ ቁልፍ መጫን ነው። ብዙ የሚጠጡ ሰዎች ነጥቧ በመጠጡ በኩል ስትሆን ይፈጥናሉ። ዓይን ከውሳኔ ይቀድማል። ሮቢንሰንና ቤሪጅ የሚባሉ የሱስ ተመራማሪዎች በ1993 እ.ኤ.አ. መመኘትና መውደድ የተለያዩ ናቸው ብለው ጽፈዋል። ሰው የማያስደስተውንም አብዝቶ ሊመኝ ይችላል። ደግሞ ውሻ የሚፈራ ሰው ግቢ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ውሻውን አይደል?

እናንተ የዛሬ ልጆች ፈጣኖች ናችሁ። ግን ከሰው ይልቅ ስክሪን ታምናላችሁ። ይህ ዓይነቱ ፈተና የብዙ ሰዎችን አማካይ ያሳያል እንጂ ፊታችሁ ለተቀመጠው ሰው ፍርድ አይሆንም። ዓይን አትከተሉ እላለሁ። እኔ ግን ዛሬም እከተላለሁ። ልዩነቱ አሁን እጠይቃለሁ፦ «ምኑ ይናፍቅዎታል? ምኑስ መረረዎት?» የመጀመሪያውን ጥያቄ ለዓመታት ፈርቼው ነበር፤ መጠጥ የማሞግስ ይመስለኝ ነበር። ሁለት ልብ የሆነን ሰው «አቁም» ብላችሁ ስትሟገቱት፣ እሱ የቀረውን ወገን ይዞ ይከራከራል። እኚያ አባት ግን አልተከራከሩኝም። ፍርዴን ተቀብለው ሄዱ።

ለወጣቷ አማካሪ ገና አልመለስኩላትም። ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ ለእሷ ነው የምልከው።