ራውተር ከመግዛትዎ በፊት ኬብሉን ያስቡ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ልደታ ኮንዶሚኒየም ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ነው የምኖረው። የፋይበሩ ሞደም ሳሎን በር አጠገብ ተሰቅሏል። ሳሎን ውስጥ ሁሉም ነገር ጥሩ ነው፤ የኋላ መኝታ ቤት ስገባ ግን ስልኬ ቪዲዮ አይከፍትም። ጠንካራ ራውተር ልግዛ? የትኛውን?

መልስ፦ ከመግዛትዎ በፊት ስልክዎን ይዘው ሞደሙ አጠገብ ፍጥነቱን ይለኩ። ከዚያ መኝታ ቤት ገብተው፣ በሩን ዘግተው ይድገሙት። ሞደሙ ሥር የከፈሉበትን ያህል አግኝተው መኝታ ቤት በጣም ከወረደ ችግሩ የሲግናል ነው፤ ራውተር ይፈታዋል። ሞደሙ ሥርም ቀርፋፋ ከሆነ ግን በ994 ወደ ኢትዮ ቴሌኮም ደውለው መስመሩን ያስፈትሹ። የትኛውም ራውተር ከፓኬጅዎ በላይ ፍጥነት አያመጣም።

አዲሱን ራውተር ከሞደሙ ጎን አያስቀምጡት። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ጋ ነው። የራውተሩ ሲግናል ግድግዳውን ቢያልፍ እንኳ ስልኩም መልሶ መላክ አለበት፤ የስልክ አንቴና ደግሞ ትንሽ ነው። ስልኩ ላይ ሲግናሉ ሙሉ እየታየ ገጹ አልከፍት የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከሞደሙ ላን ቀዳዳ (የኔትወርክ ኬብል መሰኪያ) እስከ መኝታ ቤቱ መግቢያ ድረስ በዞኮሎው ጠርዝ ኬብል ይዘርጉና ራውተሩን እዚያ ከፍ አድርገው ይስቀሉት። ለእንዲህ ያለ ቤት 15 ሜትር ገደማ ይበቃል። ካት 5ኢ ወይም ካት 6 የሚባለውን የኔትወርክ ኬብል ይግዙ። ሱቁ ውስጥ የአንዱን ሽቦ ጫፍ በምላጭ ፋቅ አድርጉልኝ ይበሉ፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነውና ይተዉት፣ ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል። ጫፉ ሲታሰርም ስምንቱም ሽቦዎች መግባት አለባቸው። አራቱ ብቻ ከታሰሩ ኬብሉ ይሠራል፣ ግን ፍጥነቱ በሰከንድ ከ100 ሜጋቢት (ሜጋ) አያልፍም።

ራውተሩን በተመለከተ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ትልቅ ቁጥር አያሳስትዎ። 1200 የሚለው ቁጥር ራውተሩ የሚሠራባቸው የሁለቱ የሬዲዮ ሞገዶች (ባንዶች) ፍጥነት፣ ማለትም የ2.4 ጊጋኸርዙ 300 እና የ5 ጊጋኸርዙ 867 ሜጋ፣ ተደምሮ፣ ወደ ላይ ተጠጋግቶ የመጣ ነው፤ አንድ ስልክ ሁለቱን ደምሮ አያገኝም። እኛ የምንመክርዎ ሁለቱንም ባንዶች የሚይዝ፣ አክሰስ ፖይንት ሞድ (ከሞደሙ የመጣውን ኢንተርኔት በዋይፋይ ማሰራጨት ብቻ የሚሠራበት ቅንብር) ያለው መካከለኛ ራውተር ነው። በኮንዶሚኒየም 5 ጊጋኸርዝ የግድ ነው፤ 2.4 ላይ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች (ባንዱ የተከፋፈለባቸው መስመሮች) 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፣ የጎረቤቱ ሁሉ ዋይፋይ እነሱ ላይ ይጋፋል። ፓኬጅዎ ከ100 ሜጋ በታች ከሆነ ለጊጋቢት (1000 ሜጋ) ቀዳዳ ተጨማሪ መክፈል አያስፈልግም። ዋይፋይ 6 (ስድስተኛው የዋይፋይ ትውልድ) ጥቅሙ የሚታየው ብዙ ስልክ በአንድ ጊዜ ሲጠቀም፣ ስልኮቹም ዋይፋይ 6 ሲሆኑ ነው።

ሲገጥሙት አክሰስ ፖይንት ሞድ ላይ ያድርጉት። ይህ ከተዘለለ ራውተሩም ሞደሙም ለስልኮቹ የኔትወርክ አድራሻ የሚያድሉ ይሆናሉ። የሁለቱም የራሳቸው አድራሻ 192.168.1.1 ከሆነ ደግሞ ይጋጩና ኢንተርኔት ሊቋረጥ ይችላል፤ ባይጋጩም መኝታ ቤት ያለ ስልክ ሳሎን ያለውን ቲቪ ወይም ፕሪንተር አያገኘውም።

ጥያቄ፦ ከስድስት ኪሎ ነው የምጽፈው። አዲስ ራውተር አስገባሁ። ስልኮቻችን ወዲያው ያዙ፤ ልጄ የምታጠናበት የቆየ ታብሌት ግን ዋይፋዩን ጭራሽ አያሳይም። ታብሌቱ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ከጎረቤት ሌላ ዋይፋይ የሚያሳይ ከሆነ ደህና ነው። ብዙ የቆዩ ታብሌቶች የሚያውቁት የ2.4 ጊጋኸርዙን ባንድ ብቻ ነው። ወደ ራውተሩ ሴቲንግ ይግቡና (አድራሻው፣ ስሙና ፓስዎርዱ ራውተሩ ሥር ተለጥፏል) 2.4 መከፈቱን ይዩ። ሁለቱን ባንዶች በአንድ ስም የሚያዋህደውን ምርጫ አጥፍተው ለየብቻ ስም ይስጧቸው። በስሙ መጨረሻ የሚታየው «5ጂ» የሞባይሉ 5ጂ አይደለም፣ ባንዱን ነው የሚያመለክተው። ቻናሉ 12 ወይም 13 ላይ ከሆነም አንዳንድ ታብሌት አያየውም፤ 1፣ 6 ወይም 11 ያድርጉት።

ስሙ ታይቶ አልገባ ካለ ደኅንነቱን (የዋይፋዩን መቆለፊያ ዓይነት) ይመልከቱ። ደብሊው ፒ ኤ 3 ብቻ ከሆነ የቆየ ታብሌት አይችለውም፤ ደብሊው ፒ ኤ 2 ኤ ኢ ኤስ ከሚባለው ምስጠራ ጋር ይምረጡ። ፓስዎርዱ በላቲን ፊደልና በቁጥር፣ ቢያንስ 8 ሆሄ ይሁን፤ በግዕዝ ፊደል አይሠራም። ኪቦርዱ የመጀመሪያውን ፊደል በራሱ ትልቅ እንዳያደርግብዎም ልብ ይበሉ። ሲጽፉ «ፓስዎርድ አሳይ» የሚለውን ይጫኑ።

ገብቶ ገጽ አልከፍት ካለስ? ቀኑን ይዩ። ባትሪው ጨርሶ አልቆ የቆየ ታብሌት ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ያኔ ታብሌቱ የድረ ገጾቹ የደኅንነት ማረጋገጫ የተሳሳተ መስሎት ይዘጋቸዋል። ቀኑን ሲያስተካክሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዳያስገቡ፤ በፈረንጆቹ መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩ እንዲቆይ ምን ልግዛ?

መልስ፦ ሚኒ ዩ ፒ ኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ራውተሩን የሚያቆይ ትንሽ ባትሪ። አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፒር አይተው ይግዙ፤ ለ9 ቮልት ራውተር 12 ቮልት ከሰጡት ሊቃጠል ይችላል። ሞደሙንም አብረው ያገናኙት፣ ራውተሩ ብቻውን ቢበራ ዋይፋይ እንጂ ኢንተርኔት የለዎትም። ሁለቱም 12 ቮልት ሆነው እያንዳንዱ 1 አምፒር የሚል ከሆነ ዩ ፒ ኤሱ ቢያንስ 2 አምፒር የሚያወጣ ይሁን፤ ያነሰ ከሆነ መብራቱ በጠፋ ቁጥር ሞደሙ እየጠፋ ይነሳብዎታል።