ጫፎቹ ልክ፣ የተጠቆረው ግን መሃሉ

ጠያቂዬ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነች። ከባሕር ዳር፣ ፔዳ ሰፈር የደብተሯን ፎቶ ልካልኛለች። ጥያቄው የአብሶሉት ቫሊዩ (በ| | መሃል የሚጻፈው፣ ርቀትን የሚለካው) ነው፦ 4 − 2|ኤክስ − 3| < −6 ይላል። እሷ በቁጥር መስመሩ ላይ ከ−2 እስከ 8 ያለውን መሃሉን አጥቁራለች፤ መምህሩ ደግሞ ትልቅ ኤክስ አድርጎባታል። «የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?» ትላለች።

እህቴ፣ ስሌትሽን ሳላነብ ነው የጠረጠርኩት። −2 እና 8 ልክ ናቸው። ጫፎቹ ልክ ሆነው የተጠቆረው ቦታ ከተገላበጠ ሌላ ነገር አልፈልግም፤ ለኔጋቲቭ ሲካፈል ምልክቱ ሳይገለበጥ ቀርቷል። ሦስተኛው መስመርሽ ላይ አገኘሁት። −2|ኤክስ − 3| < −10 እስከሚለው ጥሩ ሄደሻል። ከዚያ ለ−2 አካፍለሽ |ኤክስ − 3| < 5 ብለሻል። መሆን ያለበት > 5 ነው። ለኔጋቲቭ ስታካፍዪ፣ በኔጋቲቭም ስታባዢ፣ ምልክቱን ገልብጪ።

ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ ያረመልሽ ሰው ደግሞ ጭራሽ አበላሽቶታል። 8 < ኤክስ < −2 ይላል። ከ8 በልጦ ከ−2 የሚያንስ ቁጥር የት አለ? ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሸጡት ርካሽ ሾርት ኖቶች ናቸው ይሄን ያመጡት። «ትንሽ ከሆነ መሃል፣ ትልቅ ከሆነ ዳርና ዳር» ብለው ያሸመድዳሉ፣ ለምን እንደሆነ አይናገሩም።

እኔ ሁሌም ባጃጅ ነው የማስበው። የዓባይን ድልድይ ዜሮ በዪው። ወደ ወረታ የሚወስደው ፖዘቲቭ፣ ወደ ከተማ የሚመልሰው ኔጋቲቭ። አንቺ ድልድዩን አልፈሽ 3ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቆመሻል። |ኤክስ − 3| ማለት ከቆምሽበት እስከ ኤክስ ያለው ርቀት ነው፤ ሌላ ሚስጥር የለውም። ባለባጃጁ ወዴት ነሽ ብሎ ይጠይቅሽ ይሆናል፣ የሚያስከፍልሽ ግን ለርቀቱ ነው። ወደ ወረታ ሄድሽ ወደ ከተማ፣ 5 ኪሎ ሜትር ያው 5 ኪሎ ሜትር ነው። (ዝናብ ሲጥል የሚጠሩት ዋጋ ሌላ ሒሳብ ነው፣ እሱን ተዪው።) ከ5 በላይ መራቅ ከፈለግሽ ወይ 8ን አልፈሽ ትሄጃለሽ፣ ወይ ተመልሰሽ ድልድዩን ትሻገሪና ከ−2 ወዲያ ትሆኛለሽ። ሁለቱም ጋ በአንዴ መገኘት አትችዪም። «እና» ሳይሆን «ወይም» የምንለው ለዚህ ነው፦ ኤክስ < −2 ወይም ኤክስ > 8።

ሥዕሉ ቀላል ነው። «እኩል» ስለሌለበት −2 እና 8 ላይ ክፍት ክብ አድርጊ፣ ከዚያ ወደ ውጭ አጥቁሪ። አጥቁረሽ ስትጨርሺ ከመሃል 3ን አስገቢ። 4 < −6 ይወጣል፣ ውሸት ነው። 10ን አስገቢ፤ −10 < −6፣ እውነት።

«አልሳል አለኝ» ያልሽው ሁለተኛው ጥያቄ 7 − |ኤክስ + 1| ≥ 9 ነው። 7ን ቀንሺ፦ −|ኤክስ + 1| ≥ 2። አሁን በ−1 ልታባዢ ነው፤ ምን አልኩሽ? ምልክቱ! |ኤክስ + 1| ≤ −2 ይሆናል። ከዜሮ በታች የሆነ ርቀት ደግሞ የለም። መስመሩን ባዶውን ተዪውና «መፍትሔ የለውም» ብለሽ ጻፊበት።